ለክቡር ጋሼ ዲቫይደር፣ ከአይላንዱ ሥር

ይድረስ ለክቡር ጋሼ ዲቫይደር
ደሴ፣ ወጥ ቤት

ጉዳዩ፦ ከደረጃዎ በላይ ስለተሸከሙት ጭነት

ጤናዎን አንጠይቅም፤ ትኩሳትዎ ሳሎን ድረስ ይሸተናል። አንቱ ባለ አምስት ቀዳዳ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ ባለ ቀይ አምፖል፣ ከግድግዳ እስከ አይላንድ፣ ማለትም ወጥ ቤቱ መሃል እስከቆመው የሥራ ጠረጴዛ ድረስ፣ ሴራሚኩን አቋርጠው የተጋደሙ ትልቅ ሰው! ጀበና የያዘችም ድስት የያዘም አንቱን ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። አይላንዱ ግራናይት ለብሷል፤ መሳቢያው ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል፤ የወንበሩ ከፍታ ሳይቀር በሜትር ተለክቷል። ሶኬት ግን ማንም አላሰበለትም። ያልታሰበው ሁሉ ደግሞ የሚጣለው በአንቱ ጫንቃ ላይ ነው።

የትምህርት ማስረጃዎን አይተነዋል፤ ሆድዎ ላይ ተለጥፏል። «10 አምፒር፣ 250 ቮልት» ይላል። በእኛ 220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት ነው። የውሃ ማፍያው ብቻውን 2,000 ዋት ይስባል፤ ማይክሮዌቩ 1,200፣ ጁስ መፍጫው 500። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነሡ 3,700 ዋት፣ ወደ 17 አምፒር ገደማ ይመጣል። የእንጀራው ዕለት ደግሞ ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት፣ ማለትም 16 አምፒር ነው፤ ያውም ለደቂቃ ሳይሆን ሊጡ እስኪያልቅ።

«ብሬከር አለ አይደል?» እንዳይሉን። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ሽቦ ነው እንጂ የአንቱን 0.75 አይደለም። አንቱ በ10 አምፒር ሲያልብዎት ባለ 16ቱ ብሬከር ነገሩን አልሰማም፤ ከ16 ትንሽ ቢያልፍ እንኳ ሰዓት ሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ደግሞ ገመድዎ ሳይሆን ቀዳዳዎ ውስጥ ያለው ስስ ናስ ነው። ስፒናው በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ይላላል። የላላው ቦታ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በ0.1 ኦም ብቻ ቢቋቋም፣ 16 አምፒር ሲያልፍበት እዚያች ነጥብ ላይ ወደ 26 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ የሬዲዮ ጠጋኙ ካውያ ያህል ማለት ነው። ከንፈርዎ ዙሪያ የጠቆረው በዚህ ነው። ያንን ጥቁረት ወልውሎ መልሶ መሰካት የለም፤ የጠቆረ ዲቫይደር ይጣላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሰፈረው ወንድምዎ ደግሞ የባሰበት ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ያጣል፤ የሚችለው ጭነትም ይቀንሳል።

ለዚህ ሹመት እንዴት እንደበቁም እናውቃለን። ግንበኛው ወለሉን ሞላ፤ ሴራሚክ ተነጠፈ፤ ካቢኔት ሠሪው ገጥሞ ሄደ፤ ኤሌክትሪሺያኑ በመጨረሻ ተጠራ። ያኔ የቀረው ምርጫ ሴራሚክ መስበር ወይም አንቱን ከፒያሳ ገዝቶ መምጣት ነው። ማን ይሰብራል?

ሰው ቢሰማ ኖሮ የአይላንዱ ቦታ ገና ወለሉ ሳይሞላ በኖራ ይሰመር ነበር። ባለ 25 ሚሊሜትር ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ፣ በግድግዳው ወርዶ፣ በወለሉ ሙሌት ውስጥ አልፎ በአይላንዱ ሆድ 30 ሳንቲሜትር ያህል ብቅ ይላል። መታጠፊያው ሰፋ ብሎ ይጎብጥ፤ በጉልበት የተቀጠፈ ቱቦ ሽቦ አያሳልፍም። መጎተቻ ሽቦ ገብቶበት አፉ በላስቲክ ይታሰር፤ ካልታሰረ ሲሚንቶ ይጠጣል፤ መጠጣቱ የሚታወቀው ደግሞ ሴራሚኩ ከደረቀ በኋላ ነው። ፎቅ ቤት ከሆነ ሶሌታው አይጠረብ፤ ፌሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ ቱቦው ከሶሌታው በላይ ባለው ሙሌት ብቻ ይሂድ። ሙሌቱ ከመፍሰሱ በፊት ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ። ካቢኔት ሠሪው ወለሉን በትራፓኖ ሲበሳ ቱቦው የት እንዳለ በሟርት አያውቅም።

በቱቦው ውስጥ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (የሚመልሰው) እና ኤርዝ (ያመለጠውን ወደ መሬት የሚወስደው)፣ ሦስቱም 2.5 ካሬ፣ ለአይላንዱ ብቻ በተመደበ ባለ 16 ብሬከር ይገባሉ። አይላንዱ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከታሰበ ሌላ ቱቦ፣ 6 ካሬ ሽቦና ባለ 32 ብሬከር ይፈልጋል። ምጣዱ ግን ወደ ግድግዳው ይመለስ፤ በራሱ መስመር፣ በ4 ካሬ።

ስለ ኤርዝ ካነሣን አይቀር፣ አንቱ ጎንዎ ላይ ሁለት የብረት ጆሮ አለዎት፤ በውስጥዎ ግን ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ጆሮ አለ፤ መስማት የለም። የምጣዱ አካል ኤሌክትሪክ ሲይዝ የሚሄድበት መሬት ስላጣ በጋጋሪዋ እጅ ያልፋል። ኤርዝ በሌለበት ቤት ደግሞ የኤርዙን ብሎን ከኒውትራል ጋር በቁራጭ ሽቦ የሚያገናኙ ብልጦች አሉ። የዚያ መስመር ኒውትራል አንድ ቀን የተቋረጠ እንደሆነ የፍሪጁ በርም የምጣዱ ጠርዝም 220 ቮልት ይሆናል። መፍትሔው በግቢ አፈር የተቀበረ የኤርዝ ዘንግና በሳጥኑ ውስጥ 30 ሚሊአምፒር ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ ነው። መከላከያው ላይ ያለችው የመሞከሪያ ቁልፍ ለጌጥ አልተሠራችም፤ በየጊዜው ትነካ።

አሜሪካ ቢወለዱ ኖሮ ይህን ሁሉ ክብር አያገኙም ነበር። የ2020 የኤሌክትሪክ ኮዳቸው ለአይላንዱ ገጽ የመጀመሪያ 9 ስኩዌር ፊት (0.84 ካሬ ሜትር) አንድ ሶኬት፣ ከዚያ በላይ ላለው ለየ18 ስኩዌር ፊቱ ወይም ለክፋዩ አንድ ተጨማሪ ያዝ ነበር። 0.9 በ2.4 ሜትር የሆነ አይላንድ ሁለት ይደርሰው ነበር ማለት ነው። የ2023ቱ እትም ግዴታውን ቢያነሣም ወደፊት ሶኬት የሚገባበት መንገድ ይተው ይላል፤ ከገጹ በታች በካቢኔቱ ጎን መግጠምንም ከልክሏል። ምክንያቱ ያስኬዳል፤ ሕፃን የተንጠለጠለ ገመድ ሲጎትት የፈላው ውሃ ይከተለዋል። ሶኬቱ ከገጹ በላይ ይሁን፣ ወይም ውሃ በማያስገባ ክዳን ከግራናይቱ ብቅ የሚል ይሁን ነው የሚሉት።

እዚያ መስመር ለመጨመር ፈቃድ ይወጣል፤ ተቆጣጣሪም ሥራው ከመሸፈኑ በፊትና ካለቀ በኋላ ያየዋል። እኛም ዘንድ ወረቀቱ አልጠፋም፤ በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቷል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 10 ወጥቷል። አንቱ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ገቡ፤ ፈቃድዎ የባለ ሱቁ «ዕቃው ጠንካራ ነው» ብቻ ነው። ግድግዳ የሚነካ ሰው የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል፣ ምድጃ የሚጨምር ደግሞ መብራት ኃይልን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የቆጣሪው እሽግ በግል ኤሌክትሪሺያን እጅ አይፈታም። ተቆጣጣሪ ባይመጣ እንኳ ሙሌቱ ከመፍሰሱ በፊት ሌላ ባለሙያ ጠርቶ ቱቦውን ማሳየት ከአንድ ስኒ ቡና በላይ አያስወጣም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምድብዎ ስልክ ቻርጅ ማድረግና ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ሲሠሩ ገመድዎ ተጠቅልሎ አይቀመጥ፤ በምንጣፍ ሥርም አይለፉ፤ ሌላ ዲቫይደርም በጀርባዎ አይዘሉ። መብራት ሲሄድም ሁሉም ከአንቱ ላይ ይነቀል፤ ሲመለስ ፍሪጁና የውሃ ማፍያው በአንድ ትንፋሽ እንዳይነሡብዎት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለምጣድ፦ ወደ ግድግዳው ሶኬት እንዲዛወር።
ለብሬከር፦ በተደጋጋሚ ሲጠፋ በባለ 32 እንዳይቀየር፤ ጭነቱ እንዲቀነስ።
ለሴራሚክ ነጣፊው፦ ቱቦው ሳይታይ አንድ ካሬ እንዳይነጥፍ።