ምስጋና ለደብረ ብርሃን ብርድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ተገቢው ክብር ያልተሰጠው አንድ ባለውለታ አለ። ብርዱ። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ የስንቱን ገበና ሸፈነ! ሐውልት ቢቆምለት ያንሰዋል።

ማለዳ ሁለት ሰዓት አረቄ ቤት የገባውን ጎልማሳ እዩት። «እትዬ፣ አንድ ይቅዱልኝ፣ ውርጩ ገደለኝ» ይላል። መለኪያዋ ጢም ብላ ትመጣለች። አንዴ ግልብጥ ያደርጋታል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ደረቱን ይደቃል። «እህ፣ አሁን ሰው ሆንኩ።» ሁለተኛዋ ለጎኑ ናት። ሦስተኛዋን ያዘዘው ግን እሱ እንዳይመስላችሁ፣ ብርዱ ነው። (ሐኪሞች አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ይሞቀን ይመስለናል እንጂ ገላችን ሙቀቱን ያጣል ይላሉ። የሐኪም ነገር፣ ጨዋታ ማበላሸት ይወዳሉ።)

መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮስ በጠዋት እየተነሳሁ እሮጣለሁ» ያለውንም ከብርድ ልብስ ሳይወጣ ከመሐላው የሚፈታው ይኸው ብርድ ነው።

ያው ጎልማሳ ለጉዳይ በጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ጃኬቱን ያወልቃል። እንግዲህ ብርድ የለም፣ ጉድ ፈላ! ምን ይሁን? «ኧረ ይሄ ሙቀት አይቻልም፣ ቀዝቃዛ ቢራ!» የሰሜን ሸዋ አየር ደጋም ቆላም ሆኖ ልጆቹን ጥሎ አይጥልም።

እርግጥ መንዝ ላይ ብርዱ ጠባዩ ሌላ ነው። እዚያ የበግ ጠጉር አስፈትሎ ባና አሠርቷል፣ በርኖስ አስለብሷል። እኛ ጋ ሲደርስ ደክሞት ነው መሰል መለኪያ ብቻ ያስጨብጣል።

ሳይንሱም ከእኛ ጋር ነው። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን አጥንታ ነበር። እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ ከያዛቸው መካከል፣ አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ያገረሸባቸው ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ናቸው። ዕፁ እንደልብ የሚገኝበት ሰፈር፣ አብሮ የሚጠቀመው ጓድ፣ ጦርነቱ፣ ሁሉም እዚያው ቀርቷላ። እኛ ከዚህ ሁሉ የያዝነው «አካባቢ ነው» የምትለዋን ነው። ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤታችን የተደረደሩት አረቄ ቤቶች አካባቢ አይባሉም። ወንበር ይዘው «ና ግባ እንጂ፣ ኮራህ እንዴ?» የሚሉን ወዳጆችም አይባሉም። አካባቢ ማለት አየሩ ነው፤ እሱን ደግሞ ቀይር ብሎ የሚቆጣን የለም። ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር እንኳ ያንን ነገር ተምራ ስትመጣ በአየር አላመካኘችም። አልነቃችም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ቢኖር ሁዳዴ ነው። ያ ሁሉ ብርድ የሚያንዘፈዝፈው ሰው 55 ቀን መለኪያ ሳይነካ ይከርማል፣ አይታመምም። ጓደኞቹም ስለሚጾሙ «ና ግባ» የሚለው የለም። ለፋሲካ ማግስት ብርዱ ተመልሶ ይመጣል።

ይባስ ብሎ አንድ ወዳጃችን ሰሞኑን ጉድ ሠራን። አልማለም፣ አልተገዘተም። ከሥራ ሲወጣ በጠባሴ በኩል ዞሮ መግባት ጀመረ፣ በቃ። ከመለኪያ ጋር ከተያዩ ሰነበቱ። በዚህ ውርጭ ያለ ጠባቂ መቅረቱ አሳዝኖን ሽማግሌ ልከንበታል፣ ከድሮው መንገዱ ጋር እንዲያስታርቁት። ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ብርድ ነበር።