ለጨጓራ ሐኪሞቻችን ምስጋና ይድረስ

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮ ውስጥ ተሳስቼ ሆዴን ያዝኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ፊት ሆድ አይያዝም፤ ስህተቱ የኔ ነው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ምርመራዬ አለቀ። «ጨጓራ ነው» አለች የሒሳብ ክፍሏ እህታችን፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። አልነካችኝም። የቱ ጋ እንደሚያመኝ አልጠየቀችኝም። ያን ሁሉ ዓመት ተምረው ዛሬም «እስቲ ተኛ፣ ልይህ» የሚሉ ሐኪሞች መጥተው ቢያይዋት ደስ ባለኝ።

የኛ ሕክምና ውበቱ በሽታው አንድ መሆኑ ላይ ነው። ሌላው ዓለም «ይሄ ሐሞት ነው፣ ይሄ ቆሽት ነው፣ ይሄ ትልቁ አንጀት ነው» እያለ ሆድን ሲሸነሽን ይውላል። እኛ ከእምብርት በላይ ያለውን በሙሉ ለጨጓራ ሰጥተን አርፈናል። ክትፎ በበላ ቁጥር በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር የሚወጋው ሰው የሐሞት ጠጠር ሳይሆን ጨጓራ አለበት። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ ይዞት የሚያልበው ጎልማሳም ልቡ አይደለም፣ ጨጓራው ነው፤ ቢያገሳ ይለቀዋል። ለንዴት እንኳ የምንጠራው እሱኑ ነው። «ጉበቴን ላጠው» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ጎረቤቴ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ቢያየው ደንግጦ ነገረን። ሐኪም ቢሆን «ከላይ በኩል እየደማህ ይሆናል፣ ሩጥ» ይለው ነበር። ሰፈራችን ግን ተረጋግቶ መከረና ጥፋቱን በጥቁር ጤፍ ላይ ጣለ። ነጭ ጤፍ ሸመተ። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ደም ሲሰጠው፣ ያንን ምክር የለገሱት እትዬ አጥሚት ይዘው ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። እንዲህ ያለ ክትትል የት ይገኛል?

ወደ ቢሮዬ ልመለስ። ከእህታችን ቦርሳ ኦሜፕራዞል ወጣ። «ሁለት ፍሬ ዋጥ።» ፋርማሲስቶቹ ይህ መድኃኒት ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰድ ይላሉ፤ አሲዱ ከመመንጨቱ በፊት ምንጩ ላይ መድረስ አለበት አሉ። እኛ የምንውጠው ሽሮው ካቃጠለን በኋላ ነው። እሳት አደጋ ቤቱ ሳይቃጠል ይጠራል እንዴ?

የጥበቃው ጋሼ ተልባ አዘዙ። ጸሐፊዋ ወተት አለች። ወተት እውነትም ለጊዜው ያበርዳል። ትንሽ ቆይቶ ጨጓራ ለወተቱም ብሎ አሲድ ይጨምራል፣ ማቃጠሉም ይመለሳል። ያኔ ምን ይደረጋል? ሌላ ብርጭቆ ወተት።

የሁሉም ቁንጮ ግን አለቃችን ናቸው። ከመሳቢያቸው ዲክሎፌናክ አውጥተው «ሕመሙን ቀጥ ያደርግልሃል» አሉኝ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ስለሚያሳሱ ከዋናዎቹ የቁስለት መንስኤዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ጨጓራን በሚያቆስለው ማከም! ይህን የመሰለ ድፍረት ከአለቃ እንጂ ከማን ይጠበቃል?

ሌላው ዋና መንስኤ ባክቴሪያ ነው፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን ቢናገር የሚሰማው አጣ። ቁስለትን የሚያመጣው ጭንቀትና አሲድ ነው ተብሎ ተዘግቶ ነበራ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በፈሳሽ አድርጎ ራሱ ጨለጠው። ከቀናት በኋላ ያስታውከው ጀመር፣ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ባለ ካሜራ ቱቦ) ሲታይም ጨጓራው ተቆጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ምስኪን! እኛ ቢሮ ብቅ ብሎ ቢሆን «በርበሬ ነው፣ ቀንስ» ብለነው በጊዜ ቤቱ ይገባ ነበር።

እኔን ሚስቴ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አፈርኩ። ቢሮ ሙሉ ሐኪም እያለ ለባዕድ ሰገራ ሰጥቶ መመርመር ክህደት ነው። ባክቴሪያው ተገኘ። ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ ለ14 ቀን። ሐኪሙ «ቢሻልህም እንዳታቋርጥ፤ ያልሞተው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ተሻለኝ። ለሒሳብ ክፍሏ እህታችን መናገሬ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። «ከዳንክ ታዲያ የተረፈውን ምን ታደርገዋለህ?» አለች። ለአማቷ አምስት ፍሬ ያዘች። ጋሼ ለራሳቸው ሳይሆን ለልጃቸው ሦስት ፍሬ ጠየቁ። አለቃችን ምንም አልጠየቁም፤ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ሆዳቸውን ይዘው ቆሙ እንጂ። የለጋስ ሕዝብ አንቲባዮቲክ ለአንድ ሰው አይበቃም፣ ለአንድ ቢሮ ነው የሚታዘዘው።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። መድኃኒቴን የምውጠው ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው። ትናንት ማታ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ በሌሊት ስለደወልኩ ይቅርታ። ቁጥርህን የሰጠችኝ እህታችን ናት። ያቺ ባለ ሁለት ቀለሟ ተርፋሃለች?»