ማስተካከያ፦ በክላስተር ሙከራ ስለጎደለ የውጤት መረጃ
በጎንደር ለጤና ተመራማሪዎች ባሰራጨሁት ማስታወሻ፣ ግለሰቦች ሳይሆኑ ቀበሌዎች በዕጣ በተመደቡበት (ክላስተር) ሙከራ የጎደሉ ውጤቶችን በተደጋጋሚ ግምት (multiple imputation፦ የጎደለውን ካለው መረጃ ብዙ ጊዜ በመገመት) ስንሞላ የተሳታፊውን ቀበሌ በመሙያው ሞዴል ማካተት «አያስፈልግም» ማለቴ ስህተት ነው። አንድ ምንጭ የሚጠጡ፣ አንድ ጤና ኬላ የሚሄዱ ሰዎች በውጤታቸውም ስለሚቀራረቡ፣ ይህን መቀራረብ የዘነጋ መሙያ በቀበሌዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያሳንሳል፤ መደበኛ ስህተቱም (ግምቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆነ የሚለካው) ከሚገባው በላይ ጠብቦ የሌለ ለውጥ ያለ ሊመስል ይችላል። ለየቀበሌው አመልካች ተለዋዋጭ (የቀበሌውን ሰው 1፣ ሌላውን 0 የሚል) መስጠት በበኩሉ፣ በተለይ ከየቀበሌው ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲኖሩ፣ ልዩነቱን ያጋንናል፤ ስለዚህ የምመርጠው የቀበሌውን ተጽዕኖ እንደ ዘፈቀዳዊ (ከአንድ የጋራ ስርጭት እንደወጣ) የሚይዘውን ባለብዙ ደረጃ ሞዴል ነው። የጎደለው ውጤት ብቻ ሆኖ መጉደሉ በትንተናው በተካተቱ የመነሻ መረጃዎች ከተብራራ ግን፣ ሳይሞሉ በቅይጥ ሞዴል (የቀበሌን ዘፈቀዳዊ ተጽዕኖ በያዘ የትንተና ሞዴል) መተንተን እንደሚበቃ የጻፍሁት (ደግነቱ) እንዳለ ይጸናል።