ጎርጎራ ስታምር የጎርጎራ ሰው የት ይቆማል?

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው የደምቢያን ሜዳ ነው። ጥቁር አፈር፣ ጤፍና ሽምብራ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ የሚነሣበት ሰፊ አገር ነው። ጣና ብቅ የሚለው መንገዱ ሊያልቅ ሲል ነው። እዚያ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ስለዚህች ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ስጽፍ ገለልተኛ ልሆን አልችልም። እወዳታለሁ። ብዕር ያነሣሁትም ሰሞኑን ስለ እርሷ ከሚባለው ብዙ ነገር ውስጥ ሰዎቿ እየጎደሉብኝ ስለሆነ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠች። መዋጮ ተሰበሰበ፤ ግንባታው ተካሄደ፤ በ2016 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር የተሠራው ሪዞርት ተመረቀ። በቴሌቪዥን ያየው ሁሉ እንዲህ ያለ ቦታ አገራችን ውስጥ አለ ወይ ብሎ ተደነቀ። እኛ የጎርጎራ ልጆች ግን ሁለት ቦታ ተከፈልን። አንዳንዱ ስሟ በመነሣቱ ብቻ ደስታውን አልቻለውም። ሌላው፣ በተለይ ከከተማዋ ከወጣ ዘመን የቆጠረው፣ የድሮዋ ጎርጎራ ጠፋች ብሎ ያዝናል።

ከሚያዝኑት ጋር አልስማማም። የድሮዋ ጎርጎራ ማለት እኮ እናቶቻችን እንስራ አዝለው ከሐይቁ ውኃ የሚቀዱባት፣ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ የምትወጣባት፣ ወባ በየቤቱ የሚገባባት ከተማ ናት። እኛ ትዝታችን እንዳይነካ ብለን እዚያ የቀረው ወንድማችን መብራትና መንገድ ሳያገኝ ይኑር ማለት አንችልም። ከተማ የሚኖሩባት እንጂ ከሩቅ ሆነው የሚናፍቋት ብቻ ንብረት አይደለችም።

ከሚደሰቱት ጋር ደግሞ ግማሽ መንገድ ድረስ አብሬ እሄዳለሁ። ከዚያ የሚያስቆመኝ የጎርጎራ የራሷ ታሪክ ነው።

በዚህ ዳርቻ ኃያል ሰው መጥቶ ሲገነባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥታቸውን እዚሁ አካባቢ ሠርተው ነበር። የኢየሱሳውያኑ፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ፣ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በእ.ኤ.አ. 1622 ያረፈውም በጎርጎራ ነው። የካቶሊኮቹ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ማርያም ግንብ ተብሎ ይጠራል። ካቶሊክ ሆነው የነበሩት ንጉሥ በእ.ኤ.አ. 1632 ወደ ቀደመችው የኦርቶዶክስ ሃይማኖት መመለስን ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲል መናገሻውን ጎንደር ላይ ተከለ፤ የጎርጎራው ግንብ ቁጥቋጦ ወረሰው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጣሊያን መጣ። የጀልባ ወደብ ሠራ፣ ዳርቻውን በድንጋይ ገነባ፣ በአምስት ዓመቱም ተባርሮ ሄደ።

አሁን የጎርጎራዋን ደብረ ሲና ማርያምን ተመልከቱ። ክቧ ቤተ ክርስቲያን ሣር ክዳን ናት፤ ግድግዳዋን የሸፈኑት ሥዕሎች ከፋሲል ዘመን ጋር ይያያዛሉ። ሣር ይበሰብሳል፤ ከግንብ ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው እርሱ ነው። ሆኖም የወደቀው ግንቡ ነው፣ የቆመችው ሣር ክዳኗ ናት። ምእመናኑ ክዳኑ ባረጀ ቁጥር ሣር አጭደው፣ ተሸክመው፣ ወጥተው ከድነዋታልና። የጣሊያኑም ወደብ ነፍስ የዘራው ሠሪው ከሄደ በኋላ፣ የአገሩ ነጋዴ እህሉንና ሸቀጡን ይዞ ሲሳፈርበት ነው። ከባሕር ዳር የምትነሣው መርከብ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ እያለች፣ መንገድ ላይ አድራ ጎርጎራ ስትገባ ከተማው ሁሉ ወደ ወደቡ ይወርድ ነበር። ዘመድ ይቀበላል፣ ዕቃ ያወርዳል፣ ወሬ ይጠይቃል። ለእኛ ለልጆች ከበዓል ቀጥሎ የሚጠበቅ ቀን እርሱ ነበር።

ስለዚህ ስለ አዲሱ ሪዞርት የምጠይቀው ውበቱን አይደለም፤ ውበቱ ግልጽ ነው። የምጠይቀው የጎርጎራ ሰው እጅ የት እንዳለበት ነው። ወጥ ቤቱ ዓሣውን የሚገዛው ከማን ነው? ሽንኩርቱና ሽምብራው ከደምቢያ ገበሬ ይመጣል ወይስ ከሩቅ ይጫናል? እንግዳውን ወደ ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም በጀልባ የሚወስደው የከተማዋ ልጅ ነው? ሥራው በሐይቁ ዳር ቀጥሎ ሌሎች ባለሀብቶችም ሲመጡ፣ ዳርቻው በአጥር ከተያዘ ልጆች የት ይዋኛሉ፣ ዓሣ አጥማጁስ ታንኳውን የት ያስጠጋል? ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የዳርቻው ካርታ ተሰምሮ ካለቀ በኋላ መጠየቅ ዋጋ ስለሌለው አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ራሱ ውኃው ነው። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክፉኛ የተጠቃውም የእኛው የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻ ነው። የደምቢያ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲጎትት ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. ትልቅ ዘመቻ ሲደረግ አገር ሁሉ ስለ ጣና ተናገረ፤ ከዚያ ወሬው ቀዘቀዘ፣ አረሙ ግን የማዳበሪያና የቆሻሻ እጥበት እስከተመገበ ድረስ ይመለሳል። ውኃው ሲቀንስ ብቅ የሚለውን ባሕር ሸሽ መሬት እስከ ጫፉ ስናርሰው ደንገሉ ይጠፋል፤ ደንገል ሲጠፋ ደለሉን የሚያጣራ፣ ዓሣውንም የሚያስጠልል ነገር አይኖርም። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ በዚህ ሐይቅ ላይ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ሙያቸውም አብሮ ይሄዳል። ስለ ጎርጎራ ቅርስ ሲወራ ስማቸው ሲነሣ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። ይህ ያሳፍረኛል።

ዓሣውም እንዲሁ ነው። ቀረሶና አምባዛ ሌላም ሐይቅ ውስጥ አሉ። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥሉ ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። መረብ የሚጠብቃቸው እዚያው የወንዙ አፍ ላይ ነው። እንቁላሏን የያዘችው ዓሣ ሳትጥል ትያዛለች። አጥማጁ ይህን አያጣውም፤ ነገር ግን በክረምት የሚበላው ሌላ ነገር የለውም። ዩኔስኮ ጣናን በእ.ኤ.አ. 2015 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚጥለውን ሰው ግን መዝገቡ ብቻውን እህል አይሰፍርለትም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የገባው ጦርነት ይህን ሁሉ ከባድ አድርጎታል። ሰላም በሌለበት እንግዳ አይመጣም። እንግዳ ባይመጣም ግን የጎርጎራ ሰው እዚያው ነው፤ ይዘራል፣ ያጠምዳል፣ ሙቱን ይቀብራል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። ዳርቻው ላይ ለከተማዋ ሕዝብ የሚቀር፣ ለማንም የማይሰጥ ቦታ ተለይቶ በሕግ ይከለል፤ የዓሣ ማውረጃ፣ ልጆች የሚዋኙበት፣ ሴቶቻችን ዓሣና እንጀራ የሚሸጡበት። የሕዝብ መርከቧ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በመደበኛነት ትመላለስ፤ በደቅም በደልጊም ያለው ገበሬ እንደ ጎብኚው ሁሉ ሐይቁን ይሻገርበት።

ሦስተኛው ለእኛ ርቀን ለምንኖረው ነው። በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያለነው ተወላጆች ለሠርግና ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ማሰባሰብ እናውቅበታለን። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ነጭ ዓሣው በሚራባበት ጊዜ፣ በመገጭና በድርማ አፍ መረብ ላለመጣል ለተስማሙ አጥማጆች የክረምት ቀለብ እንቻል። ስምምነቱን የሚያስጠብቁት ራሳቸው አጥማጆቹና የአገር ሽማግሌዎች ይሁኑ። ለዚህ የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም፤ የሚመጣው ክረምት ሳይገባ መጀመር እንችላለን።