ዝዋይ ሄደን ዓሣ ብቻ በልተን አንመለስ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሰው ባቱ ላይ ቆም ማለት ይወዳል። ዓሣ ይበላል፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ ይነሳል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ከተማዋን ዛሬም ዝዋይ የሚላት ብዙ ነው፤ ሐይቁም ዝዋይም ደንበልም ይባላል። ከዚያ ሁሉ መንገደኛ ግን ሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች እንዳሉና የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ እንዳፈሩ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ይሄ ነገር ሁሌም ያስቆጨኛል።

ዳርቻው ላይ የሚታየውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ዓሣ የሚበለትበት ቦታ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰዎቹ እግር ሥር ተኮልኩለው ይቆማሉ። አናታቸው መላጣ፣ ቁመታቸው ከሰው ወገብ የሚያልፍ። ዓይናቸው ከቢላው አይነቀልም። ጭንቅላትና አንጀት ሲወረወር ከፔሊካኖቹ ጋር ክንፍ ለክንፍ ይጋፋሉ። ልጆች በመሃላቸው ይመላለሳሉ፤ ማንም ማንንም አይፈራም።

ጀልባ የሚከራየው ጎብኚም አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ቅርቡን ዞር ዞር ብሎ፣ ወፍና ጉማሬ አይቶ ይመለሳል። ትልቁ ነገር ያለው ግን ራቅ ብሎ ነው። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት። የደብረ ጽዮን ገዳም ያለው እዚያ ነው።

አባቶች የሚያወርሱት ታሪክ እንዲህ ነው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ይህች ደሴት ላይም አስጠለሏት። አገር ሲረጋጋ ታቦቷ ወደ አክሱም ተመለሰች፣ ከካህናቱ ወገን የቀሩት ግን እዚያው ወለዱ፣ ከበዱ። በገዳሙ የብራና መጻሕፍት አሉ፤ ሥዕል ያለበት አንድ ጥንታዊ ገድለ ቅዱሳንም የታወቀ ነው።

የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ሴማዊ ነው። የቋንቋ አጥኚዎች ቅርብ ዘመዶቹ የሰሜን ቋንቋዎች ሳይሆኑ ሐረሪ፣ ስልጤና ወለኔ ናቸው ይላሉ። ይሄን ሰምተው የአክሱሙን ትውፊት የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። ደሴት መሸሸጊያ ነው፤ በተለያየ ዘመን ከተለያየ አቅጣጫ የመጣ ሰው ተቀላቅሎ አንድ ሕዝብ ቢሆን ምን ይገርማል? ዛዮች በግራኝ ዘመን ከምሥራቅ የመጡ አባቶችም እንዳሏቸው ይናገራሉ። ለረጅም ዘመን በውሃ ታጥረው ክርስትናቸውን ጠብቀው ቆዩ። ዓሣ አጠመዱ፣ ሸማ ሠሩ፣ ዳገቱን እርከን ሠርተው አረሱ። ከሌላው የክርስቲያን አገር ጋር ግንኙነታቸው የታደሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደዚያ ሲደርስ ነው።

አሁን አብዛኛው ዛይ የሚኖረው ደሴት ላይ አይደለም። መሬቱ ጠበበ፣ ትምህርት ቤቱም ሆነ ገበያው ያለው የብስ ላይ ነው። ወጣቱ ባቱና መቂ ገባ። ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ዛይኛው ግን አያት ጋ እየቀረ ነው። ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ተረቱን፣ ዘፈኑንና የዓሣ ማጥመዱን ቃላት መቅረጽ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ ተማሪ ቢመድቡ እንዴት ጥሩ ነበር!

ሐይቁ ራሱም ችግር ላይ ነው። በአማካይ ከ3 ሜትር የማይዘል ጥልቀት ያለው ሐይቅ ብዙ አይችልም። ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይሞላል፣ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። ዙሪያውን ግን የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳው፣ የአበባ እርሻው ሁሉ በፓምፕ ከሱና ከገባሮቹ ይስባል። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ተመልሶ ይገባበታል። እምቦጭም ደርሶበታል። አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ገበሬው አያምርት አላልኩም፤ ስንት ፓምፕ ስንት ውሃ እንደሚስብ ግን ተለክቶ መታወቅ አለበት። ትልልቆቹ እርሻዎች ለሚወስዱት ውሃ ተገቢውን ይክፈሉ፣ ቆሻሻቸውንም ያጣሩ።

ለኛ ለተጓዦቹ ደግሞ ጥያቄዬ ቀላል ነው። የምሳ ማረፊያውን ወደ አንድ ሙሉ ቀን እናሳድገው። ጀልባ ስንይዝ ቱሉ ጉዶ ድረስ እንበል፣ አስጎብኚያችንም የደሴቷ ልጅ ይሁን፤ ገንዘቡ እነሱ ጋ ይድረስ። ኅዳር 21፣ የጽዮን ዕለት መሄድ የቻለ ደግሞ በዓሉን ከባለቤቶቹ ጋር ያክብር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሳ በጠዋት መውጣት ይሻላል። መጻሕፍቱን ለማየትም አስቀድሞ የገዳሙን አባቶች ማስፈቀድ ያስፈልጋል።