«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማንኩሳ እንጀምረው

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ እየተገናኘን መጽሐፍ የምናነብ ጥቂት ሰዎች ነን። ሰሞኑን የያዝነው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ገና ስንጀምር አንድ ወጣት «የማንኩሳውን ዘለን፣ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከሚገባበት ብንነሳስ?» አለ። ማንኩሳ የመጽሐፉ ዋና ሰው በዛብህ የተወለደበት መንደር ነው። አብዛኞቻችን ደገፍነው። ታሪኩን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ እየሰማን ያደግን ነንና ልባችን የሚቸኩለው ወደ ፊታውራሪ ልጅ፣ በዛብህ ወደሚያፈቅራት ሰብለ ወንጌል ነው። እኔም ደግፌ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ያስቆሙን አንዲት እናት ናቸው። «ስለቱን ሳታነቡ ልጁን እንዴት ልታውቁት ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። የበዛብህ አባትና እናት፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር የተሳሉት፣ መንኖ እንዲኖር ያሰቡት እዚያው ማንኩሳ ነው። ያን ገጽ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው። እኚያ እናት ጀርባው በጆንያ ክር የተሰፋውን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄን ኩፍኝ ሲይዝብኝ እኔም ተስያለሁ። የተሳልሁት ግን ጃንጥላ ነው፤ ልጁ ዳነ፣ ጃንጥላውን አስገባሁ። ልጁን ራሱን ተስየው ቢሆን ኖሮስ?» አሉ። የሚመልስላቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መጽሐፍ ስናወራ ጥፋቱን ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ እንጭናለን። ፊታውራሪ ጥፋተኛ ናቸው፤ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ጠፋ እያሉ ሳያጋቡ ቤት አስቀምጠዋታል። ነገር ግን በዛብህ ሰብለን ከማየቱ በፊት የታሰረ ሰው ነው። ያሰሩት ደግሞ የሚወዱት ናቸው። ጠላትን ይጣሉታል፣ ካልሆነም ይሸሹታል፤ የእናት እንባ ያለበትን ቃል ማን ደፍሮ ያፈርሳል? ካሳ ዳምጤ፣ ያ «ጉዱ ካሳ» እየተባለ የሚሰደበው ብልህ፣ የፊታውራሪን ወግ ፊት ለፊት ይሞግታል። የውድነሽን ስለት ግን የሚሞግት ማን ነው? ለእኔ የመጽሐፉ ሐዘን ከሁሉ የሚጠልቀው እዚህ ላይ ነው። ሀዲስ የተወለዱት ከዚህ ከተማ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ስለት በጎጃም እናት አፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁ ነበር።

ዛሬም ልጅ ሳይጠየቅ ቃል ይገባበታል። «አንተ ሐኪም ትሆናለህ» ተብሎ በአምስት ዓመቱ የተቆረጠለት ልጅ የሌለበት ሰፈር አላውቅም። የሚሉት ስለሚወዱት ነው፤ እሱም እምቢ ማለት የሚያቅተው ለዚሁ ነው።

እና መጽሐፉን ከተማሪዎቻችሁም ሆነ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ማንኩሳን አትዝለሉት። ቀስ ብላችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከተቻለም እናቶች ባሉበት አንብቡት። እንዝለለው ያለው ወጣት መጽሐፉን ለሳምንት ተውሶ ወስዷል። በሚቀጥለው እሁድ ፊታውራሪ የሚኖሩበት ዲማ ጊዮርጊስ እንገባለን።