የማን ሃይማኖት ነው ሕግ የሚሆነው?

ሰሞኑን አንድ ስመ ጥር ሰባኪ በቴሌቪዥን ውይይት ላይ ቀርበው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ይሰረዝ አሉ። ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች የሚዘረዝረው አንቀጽ ነው። ምክንያታቸው አጭር ነበር። «እኛ ሃይማኖተኛ ሕዝብ ነን፤ ሕጋችንም እምነታችንን መምሰል አለበት።» አዳራሹ አጨበጨበ። ቅንጭቡ እስከ ዛሬ ስልክ ለስልክ እየዞረ ነው።

እኔን ያበገነኝ ጭብጨባው አይደለም። አጠገባቸው የተቀመጠው የሕግ ባለሙያ አንገቱን ነቅንቆ ዝም ማለቱ ነው። ሕገ መንግሥት የተማረ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ካልተናገረ መቼ ሊናገር ነው?

ከሁሉም የደከመውን ክርክራቸውን ላስቀድም። «ሕጉ ለውሸት በር ከፍቷል፤ ማንም ሴት ተነስታ ተደፈርኩ ብትል ይበቃታል» አሉ። መፍትሔያቸው የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዛ ትምጣ ነው። እርግጥ ነው፣ አንቀጽ 552 ተደፍሬ አረገዝኩ ለምትል ሴት ቃሏ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። እንዲያ የተጻፈው ታስቦበት ነው። የአስገድዶ መድፈር ክስ ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቃል። የፖሊስ ምርመራ አለ፣ ዓቃቤ ሕግ አለ፣ ያልቀረበ ምስክር አለ፣ የክረምት እረፍት አለ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሰጣል። ማህፀን ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ውሳኔው ሲመጣ ልጁ ተወልዶ መዳህ ጀምሯል። ስለዚህ «የፍርድ ቤት ወረቀት ታምጣ» ማለት «በፍጹም አይፈቀድላትም» ማለት ነው። እንዲህ ብሎ በግልጽ መናገር ስለሚከብድ ከወረቀት ጀርባ መደበቅ ተመረጠ።

ለመሆኑ ይቺ ውሸታም የተባለችው ማን ናት? ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የተቀጠረች የ16 ዓመት ልጅ ልትሆን ትችላለች። የአሠሪዋ ልጅ ሌሊት የምትተኛበት ማድ ቤት ድረስ ይመጣባታል። ደመወዟ አሠሪዋ ጋ ነው የሚጠራቀመው። በከተማው የምታውቀው ሰው የለም። ጤና ጣቢያ ስትደርስ እንኳ «አርግዣለሁ» አትልም። «ሆዴን ያመኛል» ነው የምትለው። ነርሷ በሩን ዘግታ፣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ ስትጠይቃት ነው ነገሩ የሚወጣው። እንግዲህ ይቺን ልጅ ነው ሂጂና ፖሊስ ጣቢያ ከሰሽ፣ ተከራክረሽ ርቺ፣ ከዚያ ተመለሺ የሚሏት።

ያጨበጨበው ሰው ሕጉን ያነበበው አይመስለኝም። ፅንስ ማቋረጥ በኢትዮጵያ ዛሬም ወንጀል ነው። አንቀጽ 545ን ገልጦ ማየት ይበቃል። 551 ያስቀመጠው ልዩ ሁኔታዎችን ብቻ ነው። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ የመጣ ከሆነ። የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከሆነ። ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት። እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት፣ ወይም በዕድሜዋ ማነስ የተነሳ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ። ይኸው ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ራሱ የድርድር ውጤት ነበር። የሴቶች መብት ተሟጋቾችና የማህፀን ሐኪሞች ከዚህ የሰፋ ነገር ይፈልጉ ነበር። የሃይማኖት ሰዎች ተቃውመዋል። ወንጀልነቱም ጸንቶ ቀርቷል። ያኔ ከግማሽ በላይ ወስደው ዛሬ የቀረውንም ካልወሰድን ማለት አግባብ አይደለም።

«ውርጃን ያመጣብን ይህ ሕግ ነው» የሚለውም ከእውነት የራቀ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ላይ ከባድ አደጋ ካልመጣ በቀር አይፈቅድም ነበር። ያውም የሁለተኛ ሐኪም ማረጋገጫ ተጨምሮበት። ያኔ ሴቶቻችን አላስወረዱም? አስወርደዋል። በሽቦ፣ በእንዶድ፣ በበረኪና፣ ስሙ በማይታወቅ ሥር። ደማቸው እየፈሰሰ ሆስፒታል ሲደርሱም ምን እንደሆኑ እንኳ ደፍረው አይናገሩም፣ እስር ቤት ይጠብቃቸዋልና። በዚያ ዘመን የማህፀን ክፍል ውስጥ የሠራ ሐኪም ካገኛችሁ ጠይቁት። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። ጤና ኤክስቴንሽኑም፣ አምቡላንሱም፣ አዋላጅ ነርሶቹም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሕጉ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው አይኖርም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአገሪቱ ሆን ተብሎ ከሚቋረጠው ፅንስ በጤና ተቋም የሚቋረጠው 27 በመቶ እንደነበረ ተገምቷል። በ2006 ዓ.ም. 53 በመቶ ደርሷል። እነዚያ ሴቶች ዱሮ የት ይሄዱ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሕጋችን እምነታችንን ይምሰል ተባለ። የማንን እምነት?

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንት ከ18 በመቶ በላይ፣ ካቶሊክ 1 በመቶ የማይሞላ ነው። በዚህ አገር ከግማሽ በላይ የሆነ ሃይማኖት የለም። «እኛ» ሲሉ ማንን ቆጥረው ነው? አራቱም በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ይናገራሉ ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። በእስልምና ሊቃውንት መካከል ነፍስ በፅንሱ ላይ ይነፋበታል ስለሚባለው 120ኛ ቀን ሰፊ ክርክር አለ። ከዚያ በፊት በበቂ ምክንያት የሚፈቅዱ አሉ፣ ጨርሶ የማይፈቅዱም አሉ። የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን እናቲቱ ትቅደም የሚሉት ብዙ ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ፅንስ ማቋረጥን ብቻ ሳይሆን ክኒኑንም፣ መርፌውንም፣ በክንድ የሚቀበረውንም ትከለክላለች። ሕግ እምነትን ይምሰል ካልን የማንኛውን ይምሰል? በድምፅ ብልጫ እንወስን? ያሸነፈው ወገን ነገ ስለ ፍቺ ይመጣል። ከዚያ ስለ አለባበስ። ከዚያ ስለ መጠጥ። ከዚያ ስለ ባንክ ወለድ። የትኛው ላይ እንደሚቆም ሰባኪው አልነገሩንም።

ይህን ጥያቄ ሕዝባችን ከሰባኪው በፊት መልሶታል። ማንኛውም ከተማ ሂዱ። መስቀል የተሳለበት ሥጋ ቤት አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት ሥጋ ቤት አለ። ክርስቲያኑ ከዚያኛው አይበላም፣ ሙስሊሙም ከዚህኛው። ይህ ለሁለቱም ቀልድ አይደለም፤ የእምነት ጉዳይ ነው፤ የባረከው ማን ነው የሚለው ለሁለቱም ትልቅ ነገር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይዘጋል። የሙስሊሙ ይሠራል። ማንም ተነስቶ «እኛ ጾመኛ ሕዝብ ነን፣ ያኛውም በአዋጅ ይዘጋ» አላለም። ረመዳን ሲገባ ቁርስ ቤቶች ይታሸጉ ያለም የለም። ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊም እንግዶቻችን ለብቻ ድንኳን እንጥላለን፣ የራሳቸውን አራጅ እንጠራለን፣ ድስቱን እንለያለን። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ሃይማኖታቸው ላልቶ አይደለም። የሌላው ሰው ጉሮሮ የራሱ መሆኑን ስላወቁ ነው። ታዲያ ለሥጋ የሰጠነውን ክብር ለሴት ልጅ ሰውነት የምንነፍገው በምን ሒሳብ ነው? የጎረቤትህን ምሳ በሕግ ለመወሰን ታፍራለህ፣ የጎረቤትህን ልጅ ማህፀን ግን በሕግ ለመወሰን አታፍርም?

ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው እያልን ነው ያደግነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ደግሞ ያንኑ ሕግ አድርጎ ጻፈው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ይህን የሃይማኖት ጠላቶች የጻፉት አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። እስቲ ማንን እንደጠቀመ እንይ። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊም ኢትዮጵያውያን አዲስ አበባን በሰልፍ ሞሏት። የጠየቁት እኩልነት ነበር፤ በዓሎቻቸው እንኳ በአገራቸው እንደ ብሔራዊ በዓል አይከበሩም ነበርና። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ወንጌላውያኑ ተሳደዱ፣ ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ተዘጉ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ኦርቶዶክሱም ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በዚያው መንግሥት እጅ አጥቷል። በመንግሥትና በሃይማኖት መካከል ያለው አጥር ሲፈርስ ያልተጎዳ ማን አለ? ዛሬ ሰባኪው በነፃነት የሚሰብኩት በዚሁ አጥር ጥላ ሥር ነው። እሳቸው ናቸው እንጨት በእንጨት ይነቀል የሚሉት።

አጥሩ ሲፈርስ የሚሆነውን በሌላ አገርም አይተናል። ሳቪታ ሃላፓናቫር አየርላንድ ውስጥ፣ ጎልዌይ ከተማ የምትኖር ሕንዳዊት የጥርስ ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የ17 ሳምንት እርጉዝ ሳለች ሆስፒታል ገባች። ፅንሱ እየወረደ ነበር፣ እንደማይተርፍም ተነግሯታል። አቋርጡልኝ ብላ ለመነች። የልብ ትርታ ስላለ አይቻልም ተባለች። አንዲት አዋላጅ «ይህ ካቶሊክ አገር ነው» እንዳለቻት በኋላ በምርመራ ችሎት ራሷ አምናለች። ሳቪታ ሂንዱ ነበረች። በማታምንበት ሃይማኖት ሕግ ታስራ፣ ደሟ ተመርዞ በ31 ዓመቷ ሞተች። አይሪሾች ይህን አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 66.4 በመቶው ክልከላውን ከሕገ መንግሥታቸው አወጣ። አብዛኞቹ ካቶሊኮች ናቸው። እምነታቸውን አልካዱም። እምነታቸው ሌላ ሰው እንዳይገድል ነው የወሰኑት።

ሰባኪው «አሜሪካ እንኳ ተመልሳለች» ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሰጠውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማለታቸው ነው። ያ ውሳኔ ጉዳዩን ለየክፍለ ግዛቱ መለሰ እንጂ በአገር ደረጃ አልከለከለም። የተመለሱትስ ወዴት ደረሱ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቤተ ሙከራ የቀዘቀዘ ሽል በክፍለ ግዛቱ ሕግ እንደ ልጅ ይቆጠራል አለ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ቶም ፓርከር ውሳኔውን ደግፈው በጻፉት ተጨማሪ አስተያየት ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ጠቀሱ። ወዲያው አንዳንድ ክሊኒኮች በቤተ ሙከራ የማዳቀል ሕክምናቸውን አቆሙ። ልጅ አጥተው ለዓመታት በጸሎትና በሕክምና የተንከራተቱ ባለትዳሮች መንገድ ላይ ቀሩ። ሕግ አውጪዎቹ በሳምንታት ውስጥ ክሊኒኮቹን የሚጠብቅ ሕግ ለማውጣት ተገደዱ። ሰባኪው አርአያ አድርገው ያቀረቡት ይህንን ነው።

ሰባኪ ለምእመኑ ይስበክ። «ፅንስ ማቋረጥ ኃጢአት ነው» ይበል፣ መብቱ ነው። የምታምነው ሴት ትሰማዋለች፣ ልጇንም ትወልዳለች። 551 ማንንም አስወርጂ ብሎ አያስገድድም። ችግሩ ሰባኪው በስብከት ያላሳመኗትን ሴት በፖሊስ ሊያሳምኗት ሲነሱ ነው።

ደግሞ ፖሊስም ሳይጠራ ይህ ነገር ሥራ ጀምሯል። በየጤና ጣቢያው «እምነቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ ልጅቷን ባዶ እጇን የሚመልስ ባለሙያ አለ። አልሠራም ማለቱን አልቃወምም። ግን ወደሚሠራ ባልደረባ ማስተላለፍ ግዴታው ነው። የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ሴቲቱ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ አገልግሎቱን ታግኝ ይላል፤ ለዕድሜዋም ማስረጃ አትጠየቅም። በግል እምነት ስም ሕጋዊ ሕክምና መከልከል ሕግ መጣስ ነው፤ ሊያስጠይቅም ይገባል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰሞኑን በቴሌቪዥን የተሰጠውን ጭብጨባ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተኝም።

ሰባኪውን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «551 ይሰረዝ» ማለት ቀላል ነው፣ ቁጥር ነውና። እስቲ ተመልሰው እዚያው ካሜራ ፊት ይቅረቡና ፊደል በፊደል ይንገሩን። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የትኛውን ነው የሚሰርዙት? አባቷ የደፈራት የ13 ዓመት ልጅ ትውለድ ይላሉ? ልቧ የታመመች፣ ቤቷ ሦስት ልጅ የሚጠብቃት እናት ትሙት ይላሉ? በአንደበትዎ ይበሉት። ያ የሕግ ባለሙያም አጠገብዎ ይቀመጥ፤ ያን ጊዜም አንገቱን ይነቀንቅ እንደሆነ እናያለን።